ድንጋይ አጥሩ የሰማው ተረት

በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ፣ ኬሪ በሚባለው አውራጃ፣ ባሕሩ ጥግ ላይ ኪል ሪያሊግ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ሾን ኦ ኮኔል የሚባሉ ገበሬ ይኖሩ ነበር። ዓሣም ያጠምዳሉ። ፊደል አልቆጠሩም። አፋቸውን የፈቱበት አይሪሽ እንጂ ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ተረት ላይ ግን የሚደርስባቸው አልነበረም። ታዲያ ዘመን ተለወጠና ሰሚ ጠፋ። ወጣቱ ገሚሱ ባሕር ተሻገረ፤ የቀረውም ወደ እንግሊዝኛው አዘነበለ። የማታው የእሳት ዳር ጨዋታ ቀዘቀዘ።

ሽማግሌው ተረቶቹ ከአፋቸው እንዳይጠፉ ሰጉ። ስለዚህ ከብት ሲጠብቁ ለድንጋይ አጥር ይተርኩለት ጀመር። እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ልክ ሰው ከቧቸው እንደተቀመጠ። ልጃቸው በዓይኑ አይቷል። ከገበያ ሲመለሱም ዳገቱን ከጋሪያቸው ኋላ እየወጡ ለጋሪው ጀርባ ያወሩለታል።

ይህን የምናውቀው ጄምስ ዴላርጊ የሚባል ወጣት ምሁር በ1923 እሳቸው ቤት ስለደረሰ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያሉትን ሁሉ ጻፈ። ሽማግሌው በ1931 ሞቱ። ተረቶቻቸው በ1948 መጽሐፍ ሆነው ወጡ። ድንጋይ አጥሩ ብቻውን ሰምቶት ሊቀር የነበረው ነገር ተረፈ።

ይህን ያነሳሁት ትንሽ ተናድጄ ነው። በየዓመቱ ማርች 17፣ በእኛ መጋቢት 8፣ የአየርላንዶቹ የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ሲደርስ ስልኬ በአረንጓዴ ይጥለቀለቃል። አረንጓዴ ኮፍያ፣ አረንጓዴ ቢራ፣ ቀይ ጢም ያለው ድንክ። ዘንድሮ አንድ ወዳጄ ፎቶውን ልኮልኝ «የአየርላንድ ባህል ማለት ይሄ አይደል እንዴ?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ከዚያ ለምን እንዳልሆነ ለማስረዳት ስሞክር በስልክ የሚያልቅ አልሆነም።

የቅዱስ ፓትሪክ በዓል በአየርላንድ ለረጅም ዘመን የቤተ ክርስቲያን ቀን ነበር። ከ1927 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚያ ቀን መጠጥ ቤት የሚዘጋ ሕግ ነበር። የበዓሉን ሰልፍ ያደመቁት አሜሪካ የገቡት ስደተኞች ናቸው። ኒውዮርክ ውስጥ ከ1762 ጀምሮ ይወጣል። ቺካጎ ወንዟን አረንጓዴ መቀባት የጀመረችው በ1962 ነው። ስደተኛው ናፍቆቱን እንዲህ ቢወጣ አልፈርድበትም። ናፍቆት ደማቅ ቀለም ይወዳል። ችግሩ ቀለሙ ተመልሶ አገር ቤት ገባና ባህሉ ራሱ ተባለ።

የአየርላንድ ባህል ላይ የሚለጠፈው «ኬልቲክ» የሚለውም ቃል ጣጣ አለው። የጥንት አየርላንዳውያን ራሳቸውን እንዲህ ብለው እንደጠሩ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። አይሪሽን፣ ዌልሽንና ዘመዶቻቸውን በዚህ ስም አንድ ላይ ያሰረው ኤድዋርድ ልዊድ የሚባል የዌልስ ሊቅ ነው፤ በ1707። ለቋንቋ ጥናት ጥሩ ቃል ነው። ዛሬ ግን ቀለበቱም፣ ሻማውም፣ ሳሙናውም፣ ንቅሳቱም «ኬልቲክ» ነው።

ይህን ሳይ አንድ የራሳቸው ተረት ትዝ ይለኛል። ሌፕረኮን የሚሉት ድንክ አለ። ኮፍያውን እርሱት። በድሮዎቹ ትረካዎች ጫማ ሰፊ ነው፤ ልብሱም አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው። ወርቅ የቀበረበትን ያውቃል። ከያዝከው ዓይንህን እንዳትነቅልበት፤ ለቅጽበት ዘወር ካልክ የለም። አንድ ገበሬ ያዘውና ወርቁን አሳየኝ ብሎ አስጨነቀው። ድንኩ ቢጫ አበባ ያለው አረም ወደሞላበት ማሳ ወሰደውና አንዷን ግንድ አሳየው፤ «እዚህ ሥር ነው»። ገበሬው አካፋ አልያዘም። የካልሲ ማሰሪያውን፣ ቀይ ጨርቅ ነው፣ ፈትቶ ግንዷ ላይ አሰረ። እንዳይፈታው ድንኩን አስምሎ ወደ ቤቱ ሮጠ። አካፋውን ይዞ ሲመለስ በማሳው ሁሉ፣ በእያንዳንዱ አረም ላይ፣ ቀይ ማሰሪያ ታስሯል።

ድንኩ መሐላውን አላፈረሰም። ምልክቱን አልፈታም፤ አበዛው እንጂ። «ኬልቲክ» የሚለው መለያም እንደዚያ ማሰሪያ ሆኗል። ሁሉም ላይ ስለታሰረ ወርቁ የትኛው ሥር እንዳለ አይታወቅም።

ለእኔ ወርቁ ያለው የተማሪ ደብተር ውስጥ ነው።

ዴላርጊ ከሽማግሌው ጋር ከተገናኘ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1935፣ መንግሥት የአየርላንድ ፎክሎር (የሕዝብ ተረትና ወግ) ኮሚሽንን አቋቋመና እሱን ኃላፊ አደረገው። የኮሚሽኑ ሠራተኞች ገጠር ለገጠር ሲዞሩ ኤዲፎን የሚባል ድምፅ ሰም ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ይዘው ነው። ሽማግሌዎች ያወራሉ፣ ሰሙ ይቀዳል፣ ሠራተኛው ማታ ቁጭ ብሎ ቃል በቃል ይገለብጣል። ከዚያ ሰሙ ይፋቅና እንደገና ይቀዳበታል፤ ገንዘብ የለማ። ቃሉ ወረቀት ላይ ቀረ፣ ድምፁ ተፋቀ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

ግን በጥቂት ሠራተኛ አገር አይዳረስም። እዚህ ላይ አንድ ብልህ ሐሳብ መጣ፤ ልጆቹስ? ከ1937 እስከ 1939 ባለው ጊዜ ከ11 እስከ 14 ዓመት አካባቢ ያሉ ተማሪዎች የድርሰት ትምህርታቸው ተረትና ወግ መሰብሰብ ሆነ። ለመምህራኑ ሾን ኦ ሱሊቫን የሚባለው የኮሚሽኑ የመዝገብ ሹም ያዘጋጀው ትንሽ መጽሐፍ ታደለ፤ በየርዕሱ ምን ብለው እንደሚጠይቁ የሚመራ። የተቀበረ ሀብት፣ የአየር ጠባይ ምልክት፣ የሠርግ ወግ፣ የጸበል ቦታ፣ የመንደር ሕክምና፣ የልጆች ጨዋታ፣ ቅቤ አወጣጥ። ልጁ ማታ እቤቱ አያቱን ወይም ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ጠዋት ደብተሩ ላይ ይጽፋል። የተሻለው ጽሑፍ በትልቁ መዝገብ ይገለበጣል።

በዚህ መንገድ 5,000 ያህል ትምህርት ቤቶችና ከ50,000 በላይ ልጆች ተሳተፉ። የተሰበሰበው 740,000 ገጽ ገደማ ነው። በጀቱ እርሳስ፣ ደብተርና የሽማግሌዎች ትዕግሥት ነበር ማለት ይቻላል።

ገጾቹን ከፍቶ ማየት ነው። ጽሕፈቱ ብዙ ጊዜ ክብ ክብና ንጹሕ ነው። ግርጌው ላይ የልጁ ስም፣ ያወራለት ሰው ስም፣ ዕድሜው፣ መንደሩ ይሰፍራል። ትክትክ የያዘው ሕፃን ካለ በነጭ ፈረስ የሚያልፍ ሰው ጠብቅ፤ መድኃኒቱን ጠይቀው፤ ከአፉ የወጣው ሁሉ ያድናል። እጅ ላይ ኪንታሮት ከወጣብህ የድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ እጠብበት፤ ግን ሳትፈልገው በአጋጣሚ ያገኘኸው መሆን አለበት። ፈልገህ ካገኘኸው አይሠራም። (ይህቺን ሕግ በጣም ነው የወደድኳት።) ወተት ሲናጥ ቤት የገባ ሰው እሱም ጥቂት ሳይንጥ መውጣት የለበትም፤ አለዚያ የቅቤውን በረከት ይዞት ይሄዳል ተብሎ ይታማል።

ጥንታዊ ጥበብ፣ የነፍስ ሚስጥር ምናምን የሚባል ነገር አታገኝም። የምታገኘው የአንድ መንደር የአንድ ማታ ወሬ ነው። ለዚህ ነው የማምነው። ተረቱን የተናገረው «የኬልት ሕዝብ» አይደለም፤ የሰማንያ ዓመት ጎረቤት ነው፣ ስም አለው፣ የጸበሉም ቦታ ከቤቱ ይታያል።

እንከን የለውም እያልኩ ግን አይደለም። የዱብሊንና የሌሎች ትልልቅ ከተሞች ልጆች አልተጠየቁም፤ ባህል ያለው ገጠር ነው ተብሎ ስለታሰበ። የሰሜኑ ስድስት አውራጃዎች በብሪታንያ ሥር ስለነበሩ ከውጭ ቀሩ። የኮሚሽኑ የሙሉ ጊዜ ሰብሳቢዎች ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶች ለሴት ብቻ የሚያወሩት ነገር ስንቱ እንዳመለጣቸው መገመት አያዳግትም። መምህሩ የሚያርመው ደብተር ላይ ደግሞ የትኛው ልጅ ባለጌ ቀልድ ይጽፋል? የለቅሶ ቤት ጨዋታዎችን ብቻ ብንወስድ፣ ሬሳው ባለበት ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ፣ ሲላፉና ሲቀልዱ ማደር የተለመደ ነበር። ጳጳሳቱ ለዘመናት አውግዘውታል። አስለቃሾቹንም እንዲሁ፤ ፀጉራቸውን ፈትተው በግጥም የሚያስለቅሱ ሴቶች ነበሩ፣ እያደር ጠፉ። በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ድርሰት ይህ ሁሉ ታጥቦና ተለስልሶ ነው የሚመጣው።

ቢሆንም የከበደውን ነገርም አልሸሹም። ከ1845 እስከ 1849 የድንች በሽታ ያመጣው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ፈጅቷል፤ ከሚሊዮን በላይ አሰድዷል። በአይሪሽ ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ ቃል በቃል ሲፈታ «ክፉው ዘመን» ነው። «ክፉ ቀን» የሚለውን ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1945፣ መቶኛ ዓመቱ ላይ፣ ኮሚሽኑ ወላጆቻችሁ ስለረሃቡ ምን ነገሯችሁ ብሎ መጠይቅ በየአውራጃው ላከ። የመጣው መልስ የመንግሥት ሰነድ ላይ የሌለ ነው። ለሾርባ ሲሉ ሃይማኖት የለወጡ ቤተሰቦች የልጅ ልጆቻቸው ድረስ «ሾርባ ጠጪ» ተብለው እንደተሰደቡ። ሰው በረሃብ የወደቀበት ቦታ «የረሃብ ሣር» እንደሚበቅል፤ ያንን የረገጠ መንገደኛ ድንገት ጉልበቱ እንደሚከዳው፤ ስለዚህ መንገድ ሲወጣ ኪሱ ቁራሽ ዳቦ መያዝ እንዳለበት። የታሪክ መጽሐፍ ቁጥሩን ነው የሚነግርህ። ኪስ ውስጥ ያለችውን ቁራሽ የሚነግርህ ይኼ ነው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው የሚል ካለ ክሌር አውራጃ ይሂድ። በ1999 ላቱን በሚባል ቦታ አዲስ መንገድ ሊሠራ አንዲት እሾሃማ ቁጥቋጦ መንገዱ ላይ ቆመች። ኤዲ ሌነሃን የሚባል ተረት ነጋሪ «ይህቺ የእነሱ ናት፤ የደቡቦቹ በምዕራብ ያሉትን የኮናክቶቹን ሊወጉ ሲሄዱ የሚሰባሰቡባት ናት» ብሎ ተነሳ። «እነሱ» ማለት ፌሪ የሚባሉት የማይታዩ ፍጡራን ናቸው፤ ስማቸውን መጥራት ስለማይወደድ «መልካሞቹ ሰዎች» ይሏቸዋል። ጋዜጣ ላይ ጻፈ፣ ወሬው ዓለምን ዞረ። በመጨረሻ የመንገዱ ንድፍ ቁጥቋጦዋን እንዲተዋት ተደረገ። አድባር ዛፍ ሥር ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

መሐንዲሶቹ በፌሪ አምነው ነው ወይ? አይመስለኝም። እዚያ አገር ብዙ ሰው ታምናለህ ወይ ሲሉት «አላምንም» ይልሃል፤ ቁረጠው ስትለው ግን አይቆርጥም። እኔ ባህል አለ የምለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በ2002 አንድ ሰው ሌሊት መጥቶ ቅርንጫፎቿን በመጋዝ ጨፈጨፋቸው። ቁጥቋጦዋ ግን መልሳ አቆጠቆጠች።

ቋንቋው ግን እንደ ቁጥቋጦዋ አልሆነለትም። በ2022 ቆጠራ ወደ 1.87 ሚሊዮን ሰው አይሪሽ እችላለሁ ብሏል። ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገረው ግን 72,000 ገደማ ነው። ኦ ኮኔል ለአጥሩ ያወሩበትን ቋንቋ ከሰልፈኛው ስንቱ ይሰማው ይሆን?

ደብተሮቹ ዛሬ በዱብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቀምጠዋል። የኮሚሽኑ ስብስብ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ማስታወሻ መዝገብ ገብቷል። እኔን የበለጠ ያስደሰተኝ ሌላው ሥራ ነው። ገጾቹ ፎቶ ተነስተው ዱካስ በሚባል ድረ ገጽ ለሁሉም ክፍት ሆኑ። የእጅ ጽሕፈቱን ወደ ኮምፒውተር ፊደል የሚገለብጡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሥራውን «ሜሃል» ብለው ሰይመውታል። ሜሃል ማለት ጎረቤት ተሰብስቦ የአንዱን አዝመራ የሚያጭድበት ወግ ነው፤ ደቦ በለው። ደቦው ላይ ለመግባት አየርላንድ መኖር አያስፈልግም። ካሉበት ሆነው አንድ ገጽ ከፍተው፣ የልጅ ጽሕፈት እያነበቡ፣ ፊደል በፊደል ይለቅማሉ።

ገጾቹን በሰው ስምና በመንደር ስም መፈለግ ይቻላል። ቤተሰባቸው ከተሰደደ ሁለት ትውልድ ያለፋቸው ሰዎች የአያታቸውን ስም ያስገቡና በልጅነቷ የጻፈችው ይመጣላቸዋል። የጀግና ገድል የጠበቀ ይኖራል። የሚወጣለት ግን ስለ ኪንታሮት የተጻፈ ግማሽ ገጽ ነው፤ ውሃው በአጋጣሚ የተገኘ መሆን እንዳለበት ከሥሩ ተሰምሮበት።