አጃቢ የለም

ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ነበር። ደብረ ብርሃን ገና ከመኪና ስወርድ «የአጎትህ ልጅ ታስሯል» አሉኝ። የእርሻ ድንበር ጠብ ነው። እሱስ ይሁን፣ ፍርድ ቤት ያየዋል። የከፋኝ ሌላው ነው፤ ከታሰረ ጀምሮ ያስለዋል፣ ሦስት ሳምንት አልፎታል።

በማግስቱ ከእናቱ ጋር ስንቅ ይዘን ሄድን። በሶ፣ ጭኮ፣ ሽሮ በእንጀራ፣ አንድ ወፍራም ጋቢ። የጥር ብርድ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እኔ ከኦስሎ ያመጣሁትን የሳል ሽሮፕ ጨምሬያለሁ። በሩ ላይ ዋርዲያው «እማማ፣ ይቅመሱ» አላቸው። ሁሉንም ቀመሱለት። ሽሮፑን አገላብጦ አየና መለሰልኝ።

«ያለ ሐኪም ወረቀት አይገባም።»

«ታዲያ ሐኪም ይየዋ!»

«እዚህ ክሊኒክ ታይቷል። ለሆስፒታል ሪፈር ተጽፎለታል።»

«እና?»

«አጃቢ የለም።»

በነጋታውም የለም። ሰኞም የለም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ቲቢ ሊሆን ይችላልና አክታ ይመርመር የሚለው ትምህርት እኮ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ተለጥፏል። መድኃኒቱም በነፃ ነው፣ 6 ወር ተውጦ ያልቃል። ጭንቁ የመድኃኒት ቢሆን ተበድረንም እንገዛ ነበር። አጃቢ ከየት ይገዛል? ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 21 ላይ እስረኛ ከሐኪሙ ጋር የመገናኘት መብት አለው ይላል። ስለ አጃቢ ግን ምንም አይልም።

ኦስሎ ጎረቤቴ የሆነች አንዲት የኛ ልጅ ነርስ ናት። በሳምንት ሁለት ቀን እስር ቤት ገብታ ትሠራለች። ደሞዟን የሚከፍላት ግን እስር ቤቱ አይደለም፣ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ኖርዌይ በፈረንጆቹ 1988 የእስረኛን ሕክምና ለየማዘጋጃ ቤቱ ጤና አገልግሎት ሰጥታለች። «ቁልፉ የእነሱ ነው፣ በሽተኛው ግን የኛ ነው» ትለኛለች። አለቃዋ የጤና ሰው ስለሆነ ዋርዲያ «ዛሬ አይመችም» ቢላት የምትጮህበት ቦታ አላት።

ገነት ነው አላልኩም። የሚበዛው ስሞታ እንቅልፍ ማጣት ነው አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ለብቻው ተዘግቶበት የሚውል አለ፤ በሶ ይዞ በር ላይ የሚቆምለት ሰው የለውም። እኔም ብሆን ለጉልበቴ ስፔሻሊስት እስካገኝ አምስት ወር ጠብቄያለሁ፣ ያውም ሳልታሰር!

በዘጠነኛው ቀን አጃቢ ተገኘ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ የአጎቴ ልጅ እጁ በካቴና፣ ፖሊሱ ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ። የአጎቴ ልጅ ሳለ። ትንሽ ቆይቶ ፖሊሱም ሳለ። እናትየው ምሳ ዕቃውን ከፍተው ለሁለቱም እያጎረሱ፣

«አንተም እግረ መንገድህን ብትመረመር ምናለ ልጄ?» አሉት።

«እኔ ስገባ እሱን ማን ይጠብቀዋል፣ እማማ?»