ለአንድ ዋንጫ ይኼ ሁሉ ጋን?

ሜሪላንድ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ ለሱፐር ቦውል ቤቱ ጠራኝ። ሱፐር ቦውል የእነሱ እግር ኳስ የዓመቱ ፍጻሜ ነው፤ ያው በእጅ የሚጫወቱት እግር ኳስ። ቀኑ እሑድ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ጥሪው ግን የደረሰኝ ገና በጥር መጀመሪያ ነው። ከጥሪው ጋር ሰንጠረዥ ተያይዟል፦ ስምህ፣ ይዘህ የምትመጣው፣ የማይስማማህ ምግብ። ከታች ደግሞ የጋባዡ ሒሳብ አለ። የዶሮ ክንፍ በሰው 6። ቢራ በሰው 3። በረዶ 2 ከረጢት። 14 ሰው ተጠራ፣ 14 ሰው መጣ። የቀረም የተጨመረም የለም። የእኛ ሠርግ እንኳ እንዲህ አይታቀድም።

"ይዘህ የምትመጣው" ከሚለው አጠገብ "ቆሎ" ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ መልእክት መጣ። ቆሎ ምንድን ነው? ኦቾሎኒ አለበት ወይ? ከተጋባዦቹ አንዷ ኦቾሎኒ ከቀመሰች ሆስፒታል ነው የምትገባው። ገብስና ሽምብራ ብቻ ቆልቼ፣ ሱፍ ጣል አድርጌበት ይዤ ሄድኩ። አንዱ በማንኪያ እየዘገነ ከነጭ ማባያ ጋር እየለወሰ በላው። ዝም አልኩ።

ጨዋታው ራሱ ለመብላት የተሠራ ነው የሚመስለው። 60 ደቂቃ ነው ይባላል፤ ቁጭ ብለህ የምታየው ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ትንሽ ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይቆማሉ፣ ይማከራሉ፣ ማስታወቂያ ይገባል። ሰው ተነሥቶ ሁለት ክንፍ አንሥቶ ሲመለስ ያመለጠው ነገር የለም። የአገሪቱ ብሔራዊ የዶሮ ምክር ቤት ለዚያ ጨዋታ ሰሞን 1.47 ቢሊዮን ክንፍ ይበላል ብሎ ገምቶ ነበር። ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ፣ ኢግልስ፣ እረፍት ላይ 24 ለ 0 ሲመራ ክርክሩም ቀረ፣ ሁሉም ወደ ምግቡ ዞረ። ጨዋታው እስካሁን አልገባኝም፤ ምግቡ ግን ገብቶኛል።

የኳስ ድግስ እኔም አንዴ ሞክሬ አውቃለሁ። ደብረ ማርቆስ፣ አክስቴ ቤት፣ በ2015ቱ የዓለም ዋንጫ። ኳታር ላይ ኅዳር 11 ተጀምሮ ፍጻሜው ታኅሣሥ 9 እሑድ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበር። ለእረፍት አገር ቤት ነኝ። የአሜሪካውን ልማድ ይዤ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ አክስቴ ፊት ቁጭ አልኩ።

"ስንት ሰው እንጥራ?" አልኳት።

"ስንት ሰው ማለት ምን ማለት ነው?"

"ሃያ ልበል?"

"ከሃያው ውጪ ያለውስ የማን ልጅ ነው? በር ልትዘጋበት ነው?"

ወረቀቱን አጠፍኩት። እሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነው፤ ኳሱ መቼ ነው? ነገርኳት። በጣቷ ወደ ኋላ ቆጠረች። ጌሾው ኅዳር 24 ካልተጠነሰሰ አይደርስም አለች። ከዚያ ቂጣው፣ ብቅሉ፣ አሻሮው፣ ድፍድፉ፤ ለእያንዳንዱ ቀን አለው። ኳታር ላይ ገና 16 ቡድን ቀርቶ፣ ማን ለፍጻሜ እንደሚደርስ ሳይታወቅ፣ ማርቆስ ላይ የፍጻሜው ጠላ ተጠነሰሰ። ያ አሜሪካዊ፣ ሰው ይቆጥራል፤ አክስቴ ቀን ትቆጥራለች። ያላቀደች የመሰለኝ ቁጥር ስላልጠራች ነው።

ጋኖቹ ተደርድረው ሲታጠኑ እያየች ጠየቀችኝ።

"ስንት ቀን ነው የሚፈጀው ይኼ ኳስ?"

"አንድ ማታ።"

"ያሸነፈው ምን ያገኛል?"

"ዋንጫ።"

"ለአንድ ዋንጫ ይኼ ሁሉ ጋን?"

እያወቀች ነው።

ጾሙም አለ። ታኅሣሥ 9 የነቢያት ጾም ውስጥ ይወድቃል። ክንፍ የለ፣ ቅቤ የለ፣ አይብ የለ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች፣ የሽምብራ ዓሣ። ጠላ አለመከልከሉ እንኳን በጀን።

እኔን ያስጨነቀኝ ሰዓቱ ነው። የእኛ ኳስ 45 ደቂቃ ሙሉ አይቆምም። መሶብ ቀርቦ፣ እጅ ታጥቦ፣ ወጥ ወጥቶ የሚበላው እረፍት ላይ ብቻ ነው። እሷም 15 ደቂቃ ናት። ያን ሁሉ ሰው በ15 ደቂቃ እጅ ማስታጠቡ ራሱ አያልቅም። ለአክስቴ ነገርኳት።

"እጅ ታጠቡ ማን አላቸው?" አለችኝ።

የሱፍ ፍትፍት ሠርታ በትልቅ ትሪ ይዛ በየወንበሩ እየዞረች ታጎርስ ጀመር። ሰዉ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ አፉን ይከፍታል። እሷ እንዳትጋርድ ጎንበስ ብላ ታልፋለች። ዲ ማሪያ ለአርጀንቲና ሁለተኛውን ሲያገባ አንዱ ጎረምሳ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ጮኸ። ፍትፍቱ ፊት ለፊቱ የተቀመጡት አዛውንት ጋቢ ላይ አረፈ። ነጭ በነጭ ስለሆነ ብዙም አልታየ። እሳቸውም ከማራዶና ጊዜ ጀምሮ የአርጀንቲና ደጋፊ ናቸውና ጉዳያቸው አልሆነም። ቆሎው በየኪሱ ነበር። ለኳስ ከቆሎ የተሻለ ምግብ አላየሁም፤ እጅ አያሳድፍ፣ ዓይን አይጠይቅ።

መብራት ይሄዳል ብዬ ጀነሬተር ተከራይቼ፣ ቤንዚን አስሞልቼ ነበር። ያን ማታ መብራት ብልጭ እንኳ አላለም። ጀነሬተሩ ግቢው ውስጥ እንዳልተጋበዘ እንግዳ ቆሞ አደረ።

ያለቀው ጠላው ነው። ሃያ ያልኩት ሰው ስልሳ ሲሞላ መቁጠሬን ተውኩ። ደግነቱ ጨዋታው 2 ለ 0 ሆኖ ሊያልቅ ነው፣ ሰዉም ጋቢውን እያጣፋ ነው። የፈረንሳዩ ምባፔ በ80ኛውና በ81ኛው ደቂቃ ሁለት አከታትሎ አገባ። ሊሄድ የተነሣው ተቀመጠ። ቤቱ የነበረው ደግሞ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ለ90 ደቂቃ የተጠመቀ ጠላ ለ120 ደቂቃ አይበቃም። ጎረቤት ለታኅሣሥ 12 ለሚካኤል ጽዋ የጠመቁት ነበራቸው፤ አንድ እንሥራ ተበደርን። 3 ለ 3 ሆኖ በፍጹም ቅጣት ምት አርጀንቲና 4 ለ 2 ስታሸንፍ የተጠጣው የሚካኤል ጠላ ነው። ብድሩን በሦስት ቀን ጠምቆ መመለስ አይቻልም። አክስቴ ለ19 ለገብርኤል ከጠመቀች ሴት ተበድራ ለሚካኤል ከፈለች። የገብርኤሉን በምን እንደከፈለች አላውቅም፤ እኔ አውሮፕላን ላይ ነበርኩ።

ይኼን ሁሉ ለሜሪላንዶቹ ባወራላቸው የእኛ ቤት እንደሚበልጥ አድርጌ ነበር የማወራው። ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። አክስቴ ያን ማታ ከስድስቱ ጎል አንዱንም አላየችም። ሰው ሲጮህ ዞር ስትል ተጫዋቾቹ ተቃቅፈዋል። ሜሪላንድ ግን ባለቤቱም ሚስቱም ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው ነው ያዩት። ያ የሳቅሁበት ሰንጠረዥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ምግቡ ከወጣ ሁለት ሰዓት ሲሞላ የጋባዡ ስልክ ጮኸና ተነሥቶ ሥጋ ነክ የሆነውን ሁሉ ወደ ፍሪጅ መለሰው፤ እንዳይበላሽና ሰው እንዳያሳምም። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው አክስቴ ቤት ቢመጣስ ማን ይጠይቀዋል? ጉርሻ አይጠይቅም።

ደግሞ የሜሪላንዱ ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ አልመጣም። ቢመጣም ክንፉ በ14 ተከፍሏል።

ጨዋታው 40 ለ 22 አልቆ ስንወጣ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። ባለቤቱ የተረፈውን በፎይል ጠቅልሎ አስያዘኝ። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጾመ ነነዌ እንደሚገባ ማን ይነግረዋል? አመስግኜ ተቀበልኩና ቤቴ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ሐሙስ ለምሳ አውጥቼ ሳሞቅ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ማርቆስ መሽቷል፤ ስልኩ እንደ ምንም ገባ። ምን እየበላህ ነው አለችኝ።

"የዶሮ ክንፍ። 18 ክንፍ።"

ትንሽ ዝም አለች። ስታሰላ ነበር።

"ዘጠኝ ዶሮ! የቀረውን ብልት ማን በላው?"