ባዶ ካርድ በሙሉ ዋጋ

የሌሎች ጌም ማጫወቻዎች (ኮንሶሎች) ጌም የሚሸጥበት ብሉሬይ ዲስክ እንደ ማኅተም በአንድ ምት ታትሞ የሚወጣ ፕላስቲክ በመሆኑ ማምረቻው ርካሽ ነው፤ ኒንቴንዶ ስዊች የተባለው ኮንሶል የጌም ካርድ ግን በውስጡ የሜሞሪ ቺፕ ስላለው የሚይዘው ጊጋባይት በጨመረ ቁጥር ወጪውም አብሮ ይጨምራል። ይህ ይገባኛል። የሚያንገበግበኝ ወጪውን ለመሸሽ የተመረጠው መንገድ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ከተተኪው ኮንሶል ከስዊች 2 ጋር «ጌም ኪ ካርድ» የሚባል ነገር መጣ፦ ሳጥኑም ካርዱም አለ፣ ጌሙ ግን ካርዱ ላይ የለም፤ ስንት ጊጋባይት ከኢንተርኔት ማውረድ እንዳለብን የሚነግረን በሳጥኑ ፊት ግርጌ የታተመ ማሳሰቢያ ነው። ካወረድን በኋላም ለመጫወት ካርዱን መሰካት ግዴታ ነው። ማውረጃው ሰርቨር አንድ ቀን ቢዘጋ በእጃችን የሚቀረው ምንድን ነው? የጌሙ አሳታሚ የቺፕ ወጪውን ቆጠበ፤ የኮንሶሉ ማከማቻ ሲሞላ ከኪሳችን አውጥተን ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባል ተጨማሪ ሜሞሪ ካርድ የምንገዛው ግን እኛ ነን።