ጨርቅ ብረት ይጭራል እንዴ?

ጋሼን የምታውቁ ሁሉ የዛሬውን ታሪክ ሳልጀምረው መሳቅ እንደምትጀምሩ አውቃለሁ፤ ሳቁ፣ ግድ የለም፣ በረንዳ ሙሉ ሰው ሲስቅብኝ ስለዋለ የእናንተ ሳቅ አዲስ አይሆንብኝም። ትናንት ማታ ቀብቼ የጨረስኩት ሴራሚክ፣ ማለትም የመኪናን ቀለም እንዲጠብቅ የሚቀባው በጠርሙስ የሚሸጥ ፈሳሽ ሽፋን፣ በደንብ እስኪጠነክር ድረስ መኪናውን ውሃም ሆነ የሰው እጅ እንዳይነካው ለቤተሰቡ ሁሉ ተናግሬ ፊቴን ልታጠብ ገባሁ። ስወጣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ የተከበሩት ጋሼ፣ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለው፣ አሮጌ ሸሚዝ ጨምድደው፣ በክብ በክብ እየፈተጉት አገኘኋቸው። ሸሚዙ ደረቅ ነው። የእጅጌው ቁልፍ አልተቆረጠም። ልድገመው፦ ቁልፉ አልተቆረጠም!

«ጋሼ፣ እባክዎ በደረቅ ጨርቅ አይጥረጉት» አልኳቸው፣ በተቻለኝ መጠን ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አቧራ ይዟል እኮ» አሉኝ፣ እጃቸውን ሳያቆሙ።

«አውቃለሁ፤ ለዚያ ነው። በደረቁ ሲጠረግ ይጫጫራል።»

«ጨርቅ ብረት ይጭራል እንዴ?»

ይህንን ያሉት ለእኔ አልነበረም፤ ፊታቸውን ወደ በረንዳው አዙረው ለተሰበሰበው ሰው ነበር። በረንዳው በሳቅ ፈነዳ። ባለቤቴም አብራ ሳቀች፤ የእሷን ጉዳይ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። እኔም ሰው መሆኔን ረስቼ እንደ መምህር ቆሜ ማስረዳት ጀመርኩ፦ የሚጭረው ጨርቁ ሳይሆን በጨርቁና በቀለሙ መካከል የገባው አቧራ እንደሆነ፣ በአቧራው ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት እንዳለ፣ በአሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ የመኪና ቀለም ይቅርና መስታወትም እንደሚጭር ተናገርኩ። ጋሼ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያም በጣም ረጋ ብለው፣ «ታዲያ እኔ እኮ ያንኑ አቧራ ነው የማነሳልህ» አሉኝ።

ለዚህ ምን ተብሎ ይመለሳል? ሳቁ ገና ሳይበርድ ሁለተኛውን ጨመሩልኝ። «ደግሞስ እስከ እኩለ ሌሊት ሴራሚክ ስትቀባ አልነበረም? የማይጫጫር ካደረገው ምን አስፈራህ? የሚጫጫር ከሆነስ ምን ብለህ ገዛኸው?» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ሸሚዙን እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ ገቡ። ጭብጨባ ነበር። በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ መኪናዬ አጠገብ፣ ለእሳቸው ተጨበጨበላቸው እንጂ ለእኔ አልተጨበጨበልኝም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ጥያቄያቸው ከንቱ አለመሆኑ ነው። ጥፋቱ የጠርሙሱ ሻጮች ነው፤ ብዙዎቹ በማሸጊያው ላይ «9ኤች» የሚል ቁጥር በትልቁ ያትሙና ገዢው አልማዝ የተቀባ እንዲመስለው ይተዉታል። ይህ 9ኤች የእርሳስ ደረጃ ነው። ልስላሴያቸውና ጥንካሬያቸው የተለያየ እርሳሶች በተቀባው ገጽ ላይ እየተገፉ፣ የትኛው እርሳስ እንደሚጭረው የሚታይበት ፍተሻ ነው። ማዕድናት የሚመዘኑበት የሞስ መለኪያ ሌላ ነው፤ በዚያ መለኪያ 9 ላይ የተቀመጠው እነ ሰንፔር የሚገኙበት ኮረንደም ሲሆን ኳርትዝ 7 ላይ ነው። እርሳስን ያሸነፈ ሽፋን አሸዋን ያሸንፋል ያለ ማንም የለም። ሴራሚኩ የሚሠራው ሌላ ነው፤ ውሃው ተንከባሎ እንዲወርድ ያደርጋል፣ ቆሻሻ እንዳይጣበቅ ይረዳል፣ የፀሐይን ጨረርና የኬሚካልን ጉዳት ይቀንሳል። ከመንገድ የሚፈናጠር ጠጠር አያቆምም። ጠጠር የሚያቆም ግልጽ የፖሊዩሬቴን ፊልም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይወፍራል (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፤ እርሱን ለመለጠፍ ግን ዋጋውም እጁም የእኔ አይደለም። በቁልፍ የሚፈትግ አማችን የሚያቆም ምርት እስካሁን አልተሠራም።

ደግሞ የምንጨቃጨቅበት ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይታወቅልኝ። በፋብሪካ የተቀባ መኪና ላሜራው ላይ ያለው ነገር በሙሉ፣ ማለትም የዝገት መከላከያው፣ ፕራይመሩ፣ ቀለሙና ከላይ ያለው ክሊር የሚባለው ግልጽ ሽፋን አንድ ላይ ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከዚህ ውስጥ የሚያብረቀርቀው ክሊር በግምት ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ይኸውም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። ጭረት በፖሊሽ ጠፋ ሲባል ጭረቱ ተሞላ ማለት አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ክሊር ተፍቆ ከጭረቱ እኩል ሆነ ማለት ነው። የተፋቀው አይመለስም። ስለዚህ ጋሼ በአንድ ጠዋት ያደረሱትን እኔ ባስተካከልኩ ቁጥር፣ ፀሐይን የሚከላከልልኝን ያንኑ ስስ ሽፋን በገዛ እጄ እየቀነስኩ ነው። ይህንን ለበረንዳው ማን ያስረዳ?

እንዲያውም ይህ መኪና ከእኔ እጅ ሳይገባ ነው መከራው የጀመረው። መኪናውን የሸጡልኝን ሰዎች «አትጠቡት፣ መከላከያ ፕላስቲኩን እንኳ አትላጡት፣ እንዳለ ስጡኝ» ብዬ ተማጽኜ፣ እነሱም አንገታቸውን ነቅንቀው፣ በርክክቡ ቀን በሻካራ ብሩሽ ታጥቦ፣ ፕላስቲኩ ተልጦ፣ ስፖኪዮው ላይ ሪባን ታስሮ ጠበቀኝ። «ለእርስዎ ብለን አስዋብነው» አለኝ የሚያስረክበው ልጅ። ፀሐይ ላይ አውጥቼ በሮቹ ላይ የተዞረውን የብሩሽ አሻራ ባሳየው፣ «ይኼ እኮ አንጸባራቂ ስለሆነ ነው» ብሎኝ ወረቀቱን እንድፈርም ብዕር ዘረጋልኝ። ጥቁር መግዛቴንም እንደ ጥፋት የሚቆጥሩብኝ አሉ፤ ነጭም ቢሆን ይጫጫራል፤ ልዩነቱ በነጭ ላይ ጎልቶ አለመታየቱ ብቻ ነው።

ምክር ሰጪዎቹስ! አንዱ ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል ይላል፤ ድስት ላይ የተጋገረ ቅባት እንዲያነሳ የተሠራ ሳሙና የመኪናውንም ሰም አብሮ ጠርጎ እንደሚሄድ አይታየውም። ሌላው ጭረቱን በጥርስ ሳሙና አሸው ይለኛል። በናፍጣ ወልውለው የሚለኝም አለ፤ ለአንድ ቀን ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ቅባቱ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ሁሉን አውቃለሁ የሚለው ደግሞ «አዲስ ቀለም ይተነፍሳል፣ ለ90 ቀን ምንም እንዳትቀባው» ብሎ በቁጣ ይመክራል። ይህ ጋራዥ ውስጥ እንደገና ለተቀባ መኪና የሚነገር ነው፤ የፋብሪካው ቀለም ግን ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ተጋግሮ፣ ደርቆ፣ አልቆለት ነው የሚወጣው።

ሥራዬንስ ማን አየልኝ? «አዲስ መኪና ምኑ ይታጠባል?» ሲሉኝ፣ አዲሱ መኪና በባቡርና በመርከብ ተጓጉዞ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የብረት ብናኝ ሲጠጣ እንደከረመ ለማሳየት የብረት ማሟሟቻውን ረጨሁበት፤ ጎኑ ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ሲንጠባጠብ ልጆቹ መኪናው ደማ ብለው ጮኹ። ከዚያ ክሌይ የሚባለውን ለስላሳ ጭቃ በሚያዳልጥ ፈሳሽ እያራስኩ በየክፍሉ አስኬድኩት፤ እጄን ሳሳርፍ እንደ አሸዋ ወረቀት ይሻክር የነበረው ጣራ ልሙጥ ሆነ። የሳሙናውን ባልዲ ከመለቅለቂያው ባልዲ ለይቼ፣ ለቸርኬዎቹ ሌላ ጓንት መድቤ፣ ከላይ ወደ ታች አጠብኩት። መሬት የወደቀ ፎጣ ዳግመኛ ቀለሙን አልነካም። በመጨረሻ በአልኮል ወልውዬ፣ ጥላ ሥር፣ ሴራሚኩን ጠብ እያደረግኩ ቀባሁት፤ ቀስተ ደመና መስሎ ሲፈካ ቶሎ በማይክሮፋይበር አነሳሁት። በማግሥቱ ወፏ ቀድማኝ መጥታ ነበር። በእሷ አልፈርድም፤ ኩሷ አሲድነት አለው፣ ፀሐይ ካገኘው ክሊሩን ይበላል፤ ቢሆንም ወፍ «ለአንተ ብዬ ነው» ብላ አታውቅም።

አሁን መሽቷል። በስልኬ ባትሪ ኮፈኑን አየሁት፤ መብራቱ ባረፈበት ዙሪያ ቀጫጭን ክብ ጭረቶች ተሰብስበዋል። እነሱስ ሴራሚኩን አንስቼ በለስላሳ ፖሊሽ ይወጡልኛል። አንዱ ግን ቀጭን አይደለም፤ ከአርማው አጠገብ ተነሥቶ ግማሽ ክብ ሠርቶ ወደ መስታወቱ ይሄዳል፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ዘለል ብሎ እንደገና ይቀጥላል፤ ቁልፉ የተገለበጠበት ቦታ መሆን አለበት። ጥፍሬን ሳስኬድበት ጥፍሬን ይዘዋል። ጥፍር የያዘ ጭረት በፖሊሽ ልጨርሰው ካልኩ ክሊሩን ልጨርሰው ማለት ነውና እርሱ እዚያው ይኖራል። እኔም ከእርሱ ጋር እኖራለሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

ጋሼ እራት ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ነገ ደግሞ በሮቹን እጠርግልሃለሁ» ብለውኛል። እምቢ ብል ክፉ አማች ልባል ነው፤ እሺ ብል በሮቹ አለቁ። ሸሚዙን ደብቄዋለሁ። ሌላ ሸሚዝ እንዳላቸው ግን አውቃለሁ።