ብስክሌቱ የት ይደር?

ጎንደር ዳገት ስለሆነች ለብስክሌት አትመችም ይባላል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ የነዳ ሰው ይህን ቢል አልፈርድበትም። ዘንድሮ ክረምት አገር ቤት ገብቼ ያየሁት ግን ሌላ ነው። የጎንደር ልጅ ዳገቱን ለምዶታል። ሲከብደው ወርዶ ይገፋል፣ ቁልቁለቱን ደግሞ በነፃ ይወርዳል። የሚቸግረው ማታ ቤቱ ሲደርስ ነው። ብስክሌቱን የሚያሳድርበት የለውም።

ድሮ ይህ ጥያቄ አልነበረም። ግቢ ነበረ። ብስክሌቱ ከማገዶው ጎን ቆርቆሮ ሥር ይቆማል፣ የግቢው በር ይዘጋል፣ በቃ። አሁን ብዙ ሰው ኮንዶሚኒየም ገብቷል። የእህቴ ልጅም እንዲሁ። መምህር ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ተከራይቷል። ሊፍት የለም። ታች እንዳያቆመው ይሰረቃል፣ ባይሰረቅም ዝናቡ ካቴናውን ያዝገዋል።

አብሬው ስወጣ አየሁት። ፍሬሙን ትከሻው ላይ ያነግታል። ደረጃው በታጠፈ ቁጥር ፔዳሉ ቀለሙን እንዳይቧጭር የፊት ጎማውን ወደ ራሱ ይመልሳል። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ አንዲት እናት በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ አሁን እኮ ነው ያጠብኩት!» አሉት። «እሺ እትዬ፣ ጎማው መሬት አይነካም» አላቸው። አልነካም፤ ጭቃው ግን ይንጠባጠባል። እሳቸውም እውነት አላቸው፣ እሱም እውነት አለው።

ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ። አንድ ብስክሌት ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው፣ መሪው ወደ ጎን 60 ሳንቲም ይወጣል። አልጋ፣ ምድጃና የመጽሐፍ መደርደሪያ ባለባት አንድ ክፍል ውስጥ ይህ ትልቅ ቦታ ነው። እሱ በሩ ሥር ስለሚያቆመው እንግዳ የሚገባው በጎኑ ነው።

ግድግዳ ላይ እንስቀለው ተባባልን። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ አብዛኛው ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ክፍት። ፊሸር ብትመታበት ለሥዕል ይበቃል እንጂ 15 ኪሎ ብስክሌት ሲንጠለጠልበት ውሎ አድሮ ይነቀላል። ስለዚህ ጥግ ላይ ያለውን የኮንክሪት ኮለን በድሪል በስተን ጠንካራ ሜንጦ አሰርንበት። አሁን ብስክሌቱ በፊት ጎማው ተንጠልጥሎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የመሪውን ብሎን ላላ አድርጎ ወደ ጎን ሲያዞረው ይበልጥ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከሥሩ ጭቃውን የሚቀበል ጆንያ አነጠፈ። ክፍሏ ትንፋሽ አገኘች።

እኔ የምኖረው ኔዘርላንድ፣ ዩትሬክት ነው። አገሩ 18 ሚሊዮን ያህል ሰው አለው፣ ብስክሌቱ ከ22 ሚሊዮን ይበልጣል። የከተማችን ባቡር ጣቢያ ሥር በ2019 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ያለቀው ማቆሚያ 12,500 ብስክሌት ይይዛል። ጎብኚ ሁሉ ይህንን ፎቶ ያነሳል። እኔን የሚገርመኝ ግን ፎቶ የማይነሳው ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለብስክሌትና ለመሳሰለው ዕቃ ማስቀመጫ እንዲያዘጋጅ ሕጉ ያዛል። ቢያንስ 5 ካሬ ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ80። ለትንንሽ አፓርታማዎች በጋራ መሥራት ይቻላል። በ2003 እ.ኤ.አ. ይህን ግዴታ ከሕጉ አውጥተውት ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. መለሱት።

አሮጌ ቤት ውስጥ የሚኖረው ግን እዚያም ፈተናውን ያያል። ደረጃው እንደ መሰላል የቆመ ነው። ኮሪደር ላይ ብስክሌት ማቆም እሳት ሲነሳ መውጫ ይዘጋል ተብሎ ይከለከላል። ውጭ ካሳደርከው ሌባ አለ፣ ያለቦታው ካቆምከው ማዘጋጃ ቤቱ ጭኖት ይሄዳል። ጎረቤት ደግሞ በርህን አንኳክቶ አይነግርህም፤ ደብዳቤ ይጽፋል። የሁለተኛ ፎቋ እናት ቁጣ ይሻለኛል። በማግስቱ የእህቴ ልጅ ሥራ ሲወርድ ቡና ጠርተውታል።

እና እኛስ አገር? ለኑሯችን የሚሆን ቦታ ፕላን ላይ ማስገባት ያቅተናል እንዳይባል፣ አስገብተን እናውቃለን። ኮንዶሚኒየም ሲነደፍ ኮሚናል የምንለው የጋራ ቤት አብሮ ታስቧል። እንጀራ የሚጋገርበት፣ በዓል ሲመጣ በግ የሚታረድበት። አፓርታማ ውስጥ የማይቻለውን ነገር አስበው ቦታ ሰጡት። ለብስክሌትም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ምድር ቤት ላይ አንዲት ስቱዲዮ የምታክል ክፍል፣ የብረት ማሰሪያ፣ አንድ ቁልፍ። ከ10 በላይ ብስክሌት ትይዛለች። ሕንፃው ያለቀ ከሆነ እንኳ ከጥበቃው ቤት ጎን ቆርቆሮ ዘርግቶ ማጠር ነው። የነዋሪው ማኅበር በአንድ ስብሰባ ሊወስነው ይችላል። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ተማሪው የባጃጅ ሒሳቡን የሚያድንበት ነገር ስለሆነ ቢጣደፉለት እወዳለሁ።

አንድ ሌላ የሚያስቸኩል ነገር አለ። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ወሬ በየቤቱ ነው። የእህቴ ልጅ ጎረቤትም የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሊገዛ ዋጋ እየጠየቀ ነው። የነዚህ ባትሪ ሊቲየም ነው። ጥራት የሌለው ወይም የተጎዳ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሊፈነዳ ይችላል፣ እሳቱም በቀላሉ አይጠፋም። ኒውዮርክ ውስጥ በ2023 ብቻ በዚህ ዓይነት እሳት 18 ሰው ሞቷል። ስቱዲዮ መውጫው አንድ በር ነው። ስለዚህ ለጎረቤቱ እንዲህ አልኩት፦ በሩ ሥር ቻርጅ አታድርግ፣ ሰክተህ አትተኛ፣ ከራሱ ቻርጀር ሌላ አትጠቀም፣ ከወደቀ ወይም ካበጠ ቤት አታስገባው።