እድሩን የበላች ኮከብ

የእድራችን ጸሐፊ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ካዛወሩ ወዲህ አንድ አመል አውጥተዋል። ከእያንዳንዱ አባል ስም ቀጥሎ ቅንፍ ይከፍቱና የሆዳቸውን ይጽፋሉ። «እትዬ እገሊት (የ4 ወር ዕዳ)»። «አቶ እገሌ (ድንኳን ቀዶ የመለሰ)»። አንዱ ጋ ደግሞ «(ቀብር ላይ አይታይም፣ ንፍሮ ላይ አይጠፋም)» ይላል። የራሴን ስም ፈለግኩ። «(ሁሉን አውቃለሁ ባይ)»።

ታዲያ የእድሩ ዳኛ ዝርዝሩ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለቀቅ ብለው ወሰኑ። ጸሐፊው ላብ በላብ ሆነው ቤቴ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ተምረህ የለ? ቅንፍ ውስጥ ያለውን ብቻ በኮከብ ሸፍንልኝ። የሰው ስም እንዳትነካ!»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የ1 ደቂቃ ሥራ ነው» አልኳቸው። ስለኔ ቅንፍ ውስጥ የጻፉት እውነት ነው ማለት ነው።

ሬጌክስ የሚባል ዘዴ አለ። ቃሉን ሳይሆን የቃሉን መልክ ትነግረዋለህ፤ ፈልጎ ይተካልሃል። ጻፍኩለት፦ \(.*\)

ጭረቶቹ «ቅንፉን እንደ ተራ ቅንፍ ቁጠረው» ለማለት ናቸው። ነጥቧ «በመስመሩ ላይ ያለ የትኛውም ፊደል» ናት፤ ኮከቧ ደግሞ «የፈለገውን ያህል»። ኮከቧን ያመጣት የሒሳብ ሊቁ ስቲቨን ክሌይኒ ነው፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ። በዚህ ዕድሜዋ ጨዋ ትሆናለች ብዬ አምኛት ነበር።

ተጫንኩ። የ143 ሰው እድር አንድ ሰው ብቻ ቀረው፦ «እትዬ እገሊት (*)»። እትዬ ቢሞቱ ራሳቸው ጡሩምባ ነፍተው፣ ራሳቸው ድንኳን ሊተክሉ ነው።

ለካ ጋሼ ኢንተር መምታት አይወዱም። 143ቱንም በአንድ መስመር አሰልፈዋቸዋል። ይህቺን ኮከብ ደግሞ ባለሙያዎቹ ራሳቸው «ስግብግብ» ነው የሚሏት፤ ስሙን እኔ አላወጣሁላትም። ሜክሲኮ ታክሲ አሳፍረህ «ፌርማታ ስታገኝ ውረድ» ያልከውን ሰው አስብ። ሳር ቤትን ዝም ብሎ ያልፋል። ጀሞ ደርሶ መንገዱ ሲያልቅበት ነው ወደ ኋላ እየተመለሰ ፌርማታ የሚፈልገው። የኔዋም በመጀመሪያው ቅንፍ ተሳፍራ በ143ኛው ሰው ቅንፍ ወረደች። መሐል ያለውን ሕዝብ በላችው።

መድኃኒቱ ከኮከቧ ኋላ የምትገባ አንዲት ጥያቄ ምልክት ናት፦ \(.*?\)

አሁን በየፊደሉ «ይበቃኝ ይሆን?» እያለች ነው የምትሄደው። የመጀመሪያውን መዝጊያ ስታይ ትወርዳለች። ይሉኝታ በሉት። ፐርል 5 የተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ይሄን ይሉኝታ ይዞ የመጣው በፈረንጆቹ 1994 ነው። ከዚያ በፊት ስንት መዝገብ እንደተበላ እንጃ።

የጠፋውን መልሼ እንደገና ተጫንኩ። ስሙ ሁሉ በቦታው፣ ዕዳው ሁሉ በኮከብ ተሸፍኗል። ጋሼ መረቁኝ። እኔም ቅንፌ ስለተሸፈነ ደስ ብሎኛል። እዚያው ሶፋዬ ላይ ቁጭ ብለው ለቀቁት።

አንድ ሰው አላየንም ነበር። ጋሼ እሱ ጋ ሲደርሱ ብሶት በዝቶባቸው ቅንፍ ውስጥ ሌላ ቅንፍ ከፍተዋል፦ «(የ7 ወር ዕዳ (ደመወዝ ግን አለው) ሚስቱ አታውቅም)»። ይሉኝታ የያዛት ኮከብ የመጀመሪያውን መዝጊያ ስታይ በቃኝ አለች። የትኛው መዝጊያ የየትኛው መክፈቻ እንደሆነ አትቆጥርማ! ግሩፑ ላይ የወጣው እንዲህ ነው፦ «(*) ሚስቱ አታውቅም)»።

2 ደቂቃ አልሞላም፣ አንድ መልእክት ገባ።

«ምኑን ነው የማላውቀው?»