የልጁ እግር የት ያደርሰዋል?

ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ከተማውን ለቀው ገጠር ለመግባት ሲመክሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሳው የልጆቹ ጉዳይ ነው። ንጹሕ አየር ይተንፍሱ፣ አፈር ይንኩ፣ እንስሳ ይልመዱ፣ መስኮት ሲከፍቱ ከግድግዳና ከመኪና ሌላ የሚያዩት ይኑራቸው ይባላል። የቤት ኪራይ መናሩ፣ የሥራው አታካችነትና የወላጆቹ የራሳቸው ናፍቆት ከልጆቹ ስም ጀርባ ተከልለው ይከተላሉ። ወላጅ አንድን ነገር ለራሱ እንደሚፈልግ ለመናገር ለምን እንደሚያፍር አይገባኝም፤ ድብብቆሹ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ምክንያቱም ለልጅ ተብሎ የተፈለገው ቤት በመጨረሻ በአዋቂ ዓይን ተመርጦ ይገኛል። አዋቂውን የሚማርከው ከበረንዳው ላይ የሚታየው ሸለቆ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሸለቆውን አንድ ጊዜ አይቶ ይረሳዋል፤ የእሱ ዓለም በእግሩ ደርሶ የሚመለስበት ቦታና እዚያ የሚያገኘው ሰው ነው።

ወደ ገጠር መግባትን አልቃወምም፤ የምቃወመው መለኪያውን ነው። የግቢው ስፋት፣ የዛፉ ብዛትና የጸጥታው ጥልቀት ከመቆጠሩ በፊት ሁለት ርቀቶች ሊለኩ ይገባል። አንደኛው ልጁ ያለ መኪና የሚደርስበት ርቀት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከልጆቹ ጋር ቤት የሚውለው ወላጅ የሚያወራው ሌላ አዋቂ ለማግኘት የሚሄደው ርቀት ነው።

ገጠር ለልጅ ጤና ይበጃል የሚለው እምነት መሠረት የሌለው አይደለም፤ ሆኖም መሠረቱ ሲመረመር ብዙዎች ከሚያስቡት ቦታ ላይ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአሜሪካ የሚኖሩ ሁለት የገበሬ ማኅበረሰቦችን፣ የኢንዲያና አሚሾችንና የደቡብ ዳኮታ ሃተራይቶችን፣ ልጆች አነጻጽሮ ነበር። ሁለቱም ማኅበረሰቦች ዝርያቸው ከአውሮፓ የመጣ፣ በዘረ መል የሚቀራረቡ፣ አኗኗራቸውም በብዙ ነገር የሚመሳሰል ነው። ይሁን እንጂ አስም ያለባቸው የአሚሽ ልጆች 5 በመቶ ሲሆኑ የሃተራይት ልጆች ግን 21 በመቶ ነበሩ። አሚሾቹ በፈረስ ያርሳሉ፤ የላሞቻቸው በረትም ከመኖሪያ ቤታቸው አጠገብ ነው፤ ሃተራይቶቹ ደግሞ በዘመናዊ መሣሪያ በሰፊው የሚያርሱ፣ ሕፃናቶቻቸውም ከትልልቆቹ የከብት ማደሪያዎች ርቀው የሚያድጉ ናቸው። በአሚሾቹ ቤት አቧራ ውስጥ የተገኘው የባክቴሪያ ቅሪት በሃተራይቶቹ ቤት ከተገኘው ወደ ሰባት እጥፍ ይጠጋ ነበር። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ገጠር ናቸው፤ ልጆቹን የለያቸው ለበረቱ ያላቸው ቅርበት ይመስላል። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ2001፣ በኦስትሪያ፣ በጀርመንና በስዊዘርላንድ የገጠር ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ከበረት ጋር የሚደረገው ንክኪ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በሕይወት የመጀመሪያው ዓመት መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ የሦስት ዓመት ልጁን ይዞ፣ ሣሩ በመኪና የሚታጨድ፣ ላም በአጠገቡ የማያልፍ የገጠር ቤት የሚገባ ወላጅ ከዚህ ጥቅም የሚደርሰው ብዙ አይደለም። ቀሪውን ጥሬ ወተት በማጠጣት አካክሳለሁ ብሎ የሚያስብ ካለም ይተወው፤ ያልፈላ ወተት ለትንሽ ልጅ ኩላሊት አደገኛ የሆነ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል።

ስለ ዓይንም እንዲሁ ነው። በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች የተካሄደውና በ2015 ይፋ የሆነው ሙከራ፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ከቤት ውጭ እንዲያሳልፉ ሲደረግ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የሩቁን አጥርቶ የማየት ችግር የጀመራቸው ልጆች መጠን ከ39.5 ወደ 30.4 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ይህ ትልቅ ውጤት የተገኘው ግን በሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። የሠራው የቀን ብርሃን እንጂ አድራሻ አይደለም።

ለገጠር ወዳጆች እጅግ የሚጥመው ማስረጃ የዴንማርኩ ነው። ከ900,000 በላይ ሰዎችን መዝገብ ከሳተላይት ምስል ጋር ያገናዘበውና በ2019 የታተመው ይህ ጥናት፣ በልጅነታቸው አነስተኛ አረንጓዴ ባለበት አካባቢ ያደጉ ሰዎች ኋላ ላይ በአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው፣ ብዙ አረንጓዴ ባለበት ካደጉት ጋር ሲነጻጸር፣ እንደ ሕመሙ ዓይነት እስከ 55 በመቶ ከፍ እንደሚል አመልክቷል። መንስኤና ውጤትን የሚያረጋግጥ ሙከራ ባይሆንም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ተመራማሪዎቹ አረንጓዴውን የለኩበት ስፋት ነው፤ በልጁ ቤት ዙሪያ 210 ሜትር በ210 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን። ከበረንዳ የሚታየው ሸለቆ እዚህ ልኬት ውስጥ አይገባም፤ የሚገባው የትንሽ ልጅ እግር የሚደርስበት መሬት ነው። ተመራማሪዎቹ የከተማና የገጠር ልዩነትን በስሌታቸው ውስጥ አስገብተው ካመዛዘኑ በኋላም ግንኙነቱ አልጠፋም፤ ስለዚህ ጥቅሙ ጥሩ መናፈሻ ባለው የከተማ ሰፈርም ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ነፃነት ስንመጣ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ማየር ሂልማንና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ባደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1971 ከሰባትና ከስምንት ዓመት ልጆች 80 በመቶው ያለ አዋቂ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ በ1990 ይህ ቁጥር ወደ 9 በመቶ ወርዷል። ልጆቹን ቤት ያስቀራቸው በዋናነት የመኪናው ብዛት ነው። ብዙ ቤተሰቦች ይህን የጠፋ ነፃነት ፍለጋ ነው ወደ ገጠር የሚሄዱት፤ የሚገቡበት ቤት ግን ብዙ ጊዜ የእግረኛ መንገድ በሌለውና መኪና በሚከንፍበት ጎዳና ዳር የቆመ ነው። በአሜሪካ በገጠር የሚኖረው ከሕዝቡ አንድ አምስተኛው ያህል ብቻ ሲሆን፣ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው ግን 40 በመቶ ገደማ የሚሞተው በገጠር መንገዶች ላይ ነው፤ ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው፣ ሐኪም ቤቱም ሩቅ ነው። በዚህ ጎዳና ላይ ልጁን ብቻውን የሚልክ ወላጅ የለም። በመሆኑም በከተማ ሳለ ደረጃ ወርዶ የጎረቤት ልጅ ይጠራ የነበረው ሕፃን፣ ገጠር ገብቶ ጓደኛውን የሚያገኘው በቀጠሮና በመኪና ይሆናል። ወላጁ ሹፌር ሆነ ማለት ነው፤ ልጁም በኋላ ወንበር ታስሮ መስኩን በመስታወት ያያል። ሜዳው እንዳለ ነው፣ ግን ብቻውን የሚጫወት ልጅ ከሜዳው በፊት ይሰለቻል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከልጁ ጋር የሚውለው ወላጅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይህ ወላጅ እናት ናት። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ በደቡብ ለንደን ሴቶች ላይ ባካሄዱት የታወቀ ጥናት፣ ከባድ ችግር ሲደርስባቸው በድብርት የሚወድቁትን ከማይወድቁት የሚለዩ አራት ነገሮች አግኝተው ነበር፤ እነሱም ገመናን የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው ማጣት፣ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጆችን ቤት ውስጥ ማሳደግ፣ ከቤት ውጭ ሥራ አለመኖርና እናትን ከ11 ዓመት ዕድሜ በፊት በሞት ወይም በመለየት ማጣት ናቸው። የመጨረሻው ያለፈ ነገር ነው፤ ማንም አይለውጠውም። የመጀመሪያውና ሦስተኛው ግን ዕቃ በተጫነበት በዚያው ቀን ሊደርሱ የሚችሉ ናቸው። ሥራዋን ትታ፣ እኅቷንና ጓደኞቿን ትታ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ይዛ የማታውቀው ሰፈር የገባች ሴት፣ ባልዋ ማለዳ ከተማ ወርዶ ማታ ከጨለመ ሲመለስ፣ በቀኑ ውስጥ የምታወራው አዋቂ ላይኖራት ይችላል። ስልክ ይህን ሸክም አያቃልልም አልልም፤ ነገር ግን ሕፃኑን ለአሥር ደቂቃ ተቀብሎ የሚይዝልን ስልክ አላየሁም።

የሚመላለሰውም ወገን ቢሆን እንዳሰበው አይደላደልም። ብሩኖ ፍሬይና አሎይስ ሽቱትዘር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የጀርመን ቤተሰቦችን መረጃ ሲመረምሩ፣ ለሥራ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ብሎ አግኝተውታል፤ የተሻለው ቤትና የተሻለው ደመወዝ መንገዱን አላካካሰላቸውም። ምክንያቱ አይከብድም፤ ሰው ሰፊውን ቤት በሳምንታት ይለምደዋል፣ የየቀኑን መንገድ ግን አይለምደውም። መንገዱ የሚበላው ሰዓት ደግሞ ያው ልጁ የሚበላበት፣ የሚታጠብበትና ተረት የሚነገርበት የማታ ሰዓት ነው። ከቤት ሆነው የሚሠሩ ወላጆች ይህን ጣጣ ያመልጡታል፤ አሠሪው ነገ ሐሳቡን ከቀየረ ግን ቤተሰቡ ተመልሶ እዚያው ጣጣ ውስጥ ነው።

ስለ አደጋዎቹ አጭር ነገር ልበልና ልለፍ፤ ምክንያቱም ሁሉም በጥንቃቄ የሚቀንሱ ናቸው። ኩሬ፣ ጉድጓድና የውኃ ማጠራቀሚያ ለአንድ እስከ አራት ዓመት ልጅ ከሁሉ የሚከፉ ናቸው፤ አጥር የሌለው ውኃ ያለበት ግቢ አጥር ሳይሠራ አይገባበትም። የጉድጓድ ውኃ ለሚጠቀም ቤተሰብ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ1945 ሃንተር ኮምሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአዮዋ ጨቅላ ሕፃናት ሰውነታቸው ወደ ሰማያዊነት እየተለወጠ ሲመጡበት፣ መንስኤው የዱቄት ወተታቸው የሚበጠበጥበት የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ናይትሬት መሆኑን ደርሶበታል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ በሊትር ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ማፍላት እዚህ ላይ አይረዳም፤ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲያንስ ናይትሬቱ ይወፍራል። ስለዚህ ጡጦ የሚጠባ ሕፃን ያለው ቤተሰብ ውኃውን ከመግባቱ በፊት ማስመርመር አለበት፤ ከገባ በኋላ አይደለም።

ወላጆች ራሳቸውን የሚያጽናኑበት ሌላ ሐሳብ አለ፤ ካልተስማማን እንመለሳለን የሚል። መመለስ ይቻላል፤ ሰዓቱ ግን ለሁሉም ዕድሜ እኩል አይቆጥርም። ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1997 የተወለዱ ዴንማርካውያንን የተከታተለ ጥናት፣ በልጅነት ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ መዛወር በጉልምስና ራስን ለማጥፋት ከመሞከር፣ ከሱሰኝነትና ከዓመፅ ወንጀል ጋር ተያይዞ አግኝቶታል፤ ይህ ግንኙነት በሀብታሙም በድሃውም ቤት የታየ ሲሆን፣ እጅግ የሚጠነክረው ልጁ ከ12 እስከ 14 ዓመት ሳለ ሲዛወር ነው። ከ1994 እስከ 1998 በአምስት የአሜሪካ ከተሞች የተካሄደው የመኖሪያ ቤት ሙከራም፣ ከድህነት ሰፈር ወደ ተሻለ ሰፈር ስለመዛወር እንጂ ስለ ገጠር ባይሆንም፣ ከ13 ዓመት በፊት የተዛወሩት ልጆች ሲያድጉ ገቢያቸው የመዛወር ዕድሉ ካልተሰጣቸው ልጆች ወደ 31 በመቶ በልጦ መገኘቱን፣ ዘግይተው የተዛወሩት ግን ምንም አለማግኘታቸውን አሳይቷል። ከሁለቱ የምወስደው ትንሽ ልጅ ይዞ መሄድ የሚፈራ ነገር አለመሆኑን ነው። የሚፈራው መንደሩ ለሦስት ዓመት ልጅ እንጂ ለ13 ዓመት ታዳጊ የሚሆን ነገር የሌለው ሆኖ፣ ቤተሰቡም ይህን በጣም በከፋው ሰዓት አውቆ ሲነቅል ነው። ቤት የሚመርጡ ወላጆች ገና አፉን በወጉ ያልፈታ ልጃቸውን በዓይነ ሕሊናቸው የጉርምስና ድምፅ አሰጥተው፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ በምን እንደሚመለስ ቢጠይቁት ደግ ነው።

ከመግዛት በፊት መከራየት እንደሚሻል ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚያ አላስረዝምም። እኔ የምመክረው ከዚያም የሚቀድም ነገር ነው፤ ወጪ የለውም፣ ግማሽ ቀን ብቻ ይፈልጋል። ቤቱን የሚያሳየው ሰው በሚመርጠው ብሩህ የዕረፍት ቀን ሳይሆን በሥራ ቀን፣ አየሩ ደስ በማይልበት ሰዓት ሂዱ። መኪናውን በሩ ላይ አቁሙና ቁልፉን ኪስ ውስጥ ክተቱ። ከዚያ ልጁን እጁን ይዛችሁ፣ በእሱ ርምጃ እንጂ በእናንተ ሳይሆን፣ በዕድሜ የሚመስለው ልጅ ወዳለበት ወደ ቅርቡ ቤት ተጓዙ። ደጁ ላይ ቆማችሁ አንኳኩ፣ ጎረቤት ልንሆን እያሰብን ነው በሉ፤ እዚያ ቤት የምትውለውን ሴት ፊትም ተመልከቱ። ስትመለሱ ልጁ «እቀፉኝ» ያለው ስንት ጊዜ እንደሆነና ስንት መኪና አጠገባችሁ እንዳለፈ ቁጠሩ።